አባቴ ያልመረቃት መኪና

መኪና ልንገዛ መሆናችን ሲሰማ ሰፈሩ ሁሉ ሹመት ያገኘን መሰለው። በዚያ ዘመን የግል መኪና ያለው ወይ ነጋዴ ነው፣ ወይ ባለሥልጣን ነው፣ ወይም ደግሞ ቀበሌው በዓይነ ቁራኛ የሚያየው ሰው ነው። እኛ ከሦስቱም አልነበርንም። ባለቤቴ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሂሳብ ሠራተኛ፣ እኔ ጸሐፊ፣ ቤታችን ጎፋ፣ ከአስፋልቱ ወረድ ብሎ፣ ክረምት ሲገባ ጭቃው ጫማ የሚያስወልቅ መንገድ ላይ። የምንገዛትም መኪና አዲስ አልነበረችም። ከፋብሪካ የወጣ አዲስ መኪና የምናየው መጽሔት ላይ ነበር፤ ለእኛ አዲስ ማለት ለቤታችን አዲስ ማለት ነው።

ነገሩ የመጣው ከአባቴ ነው። አባቴ የሚኖረው ከእኛ ጋር ነበር። ዕድሜውን ሙሉ የውሃ ቆጣሪ እያነበበ ከተማውን በእግሩ ያዳረሰ ሰው ነው፤ ጡረታ ከወጣ በኋላ እንኳ ጠዋት ጠዋት ቄራ ወይም ሳሪስ ደርሶ ካልተመለሰ ምሳ አይበላለትም። አንድ ክረምት ደጃችን ላይ አንሸራተተውና ዳሌው ተሰበረ። ሆስፒታል ከርሞ በከዘራ መቆም ጀመረ። ሲወጣ ያመጣነው በውይይት ታክሲ ነበር፤ በኋላ በኩል የሚገባበት፣ ሰው ፊት ለፊት ተያይቶ የሚቀመጥበት በዚያ መኪና። መወጣጫው ስላልተመቸው አራት ጎረምሶች ብብቱንና እግሩን ይዘው እንደ ጆንያ ጫኑት። ሰፈር ስንደርስም እንደዚያው አወረዱት። ጎረቤት በሙሉ በር በሩ ላይ ቆሞ "እግዜር ይማርዎ" ይላል። አባቴ ባርኔጣውን ዓይኑ ላይ ደፋ። ቤት ገብቶ ከተቀመጠ በኋላ "ከእንግዲህ ሰው ተሸክሞኝ ከዚህ ግቢ አልወጣም" አለ። እንዳለውም አደረገ።

ዓመት አለፈው። መጀመሪያ መጀመሪያ ግቢውን ይዞር ነበር፤ በኋላ እሱንም ተወው። ከሥራ ስመለስ ማን ሞተ፣ ማን አገባ፣ የቄራው መንገድ ተጠገነ ወይ እያለ ያስጨንቀኝ የነበረው ሰው ቀስ በቀስ መጠየቁን አቆመ። ጢሙን መላጨት ሲተው ፈራሁ። ሐኪሙ "አጥንቱ ድኗል፣ አሁን የሚጎዳው ቁጭ ማለቱ ነው" ብሎኛል። ይህን ስነግረው "እሺ" ይለኛል፣ ከወንበሩ ግን አይነሳም። ስለዚህ ዕቁብ ሲደርሰንና ባለቤቴ የቤቱን ቆርቆሮ እንቀይር ሲል እኔ መኪና አልኩ። አባቴ ራሱ ገብቶ ራሱ የሚወርድባት መኪና ትሁን እንጂ ቀለሟም ሥሪቷም ግድ አልሰጠኝም።

ባለቤቴ መኪና አይነዳም። ስለ መኪና ግን ከሚነዱት በላይ ያወራል። መንጃ ፈቃዱ የእኔ፣ ትንተናው የእሱ ነበር። ጎማውን በእግሩ መታ መታ ያደርጋል፣ ኮፈኑን ያስከፍትና አንገቱን አስገብቶ "እህ" ይላል። ምን እንዳየ ጠይቄው አላውቅም፤ እሱም ነግሮኝ አያውቅም። ዋናው ጭንቀቱ ቤንዚን ነበር። ቤንዚን በኩፖን በሚታደልበት ዘመን ጭንቀቱ ተገቢ ነው፤ ግን ቁርስ ላይም እራት ላይም አንድ ዓይነት ጭንቀት መስማት ያደክማል። "ኩፖኑ ሲያልቅ ደጃፍ ላይ አቁመን ልናያት ነው?" ይለኛል።

አባቴን ለሙከራው እሺ ያሰኘሁት "አንተ ካላየህልን ያታልሉናል" ብዬ ነው። አሰበበትና አንድ ነገር አስጠነቀቀ።

"ማንም እንዳይነካኝ። ስገባም ስወርድም ፊታችሁን አዙሩ።"

ወቅቱ በጋ ስለነበር መንገዱ ደረቅ ነው፤ ሻጮቹ መኪናቸውን እስከ በራችን ያመጡልናል።

የመጀመሪያዋ የጣሊያን ሥሪት ነበረች፤ ነጭ፣ ሽንጠ ረጅም፣ ዝቅ ያለች። ባለቤቷ ወደ ክፍለ ሀገር የተዛወረ መምህር ነው። አባቴ ወደ በሩ ሲጠጋ እኔ፣ ባለቤቴና መምህሩ ተሰልፈን የጎረቤታችንን አጥር ማየት ጀመርን። መምህሩ ምክንያቱን ስላልነገርነው አጥሩ ላይ ምን እንዳለ ሊገባው አልቻለም። ከኋላችን የአባቴ ትንፋሽ፣ የከዘራው ድምፅ፣ እንደገና ትንፋሽ። በመጨረሻ በሩ ተዘጋ። ሳሪስ ደርሰን ተመለስን። መሪዋ ቀላል፣ ማርሿ ቅቤ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር እኔ ራሴ ልቤ ተሰረቀ። ሲወርድም አጥሩን አየን፤ በጣም ረጅም ጊዜ አየነው። ከዚያ አባቴ በሩን ተደግፎ ቆሞ "ልጄ፣ እንዲህ ያለች መኪና አይቼ አላውቅም። ይባርክልህ፣ በሄድክበት ይቅናህ፣ እጅህ የነካው ሁሉ ይለምልም" ብሎ መረቀው። መምህሩ ጎንበስ ብሎ "አሜን" አለ።

በማግሥቱ መምህሩ ሊብሬውን ይዞ፣ ጓደኛውን ለምስክርነት አስከትሎ ከች አለ። ገና አልወሰንንም ስለው ደነገጠ።

"እንዴ እህቴ! አባትዎ እኮ መርቀው ጨርሰዋል። እኔም ሌላውን ገዢ ተሸጣለች ብዬ መለስኩት።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ባለቤቴ ሻይ ጋብዞ፣ ይቅርታ ጠይቆ፣ እስከ አስፋልቱ ሸኝቶ መለሳቸው። እኔ ደሜ ፈልቶ አባቴ ዘንድ ገባሁ።

"አባባ፣ ለምን እንደዚያ ብለህ መረቅከው?"

"ምን ልበል ታዲያ? ሰው ንብረቱን ይዞ ደጄ ድረስ መጥቶ፣ አንሸራሽሮኝ፣ ወንበርህ ጉድጓድ ነው ልበለው?"

"ጉድጓድ ነው?"

"እኔ አላልኩም" አለና ፊቱን አዞረ።

ሁለተኛዋ የጃፓን ናት፤ ውሃ ሰማያዊ፣ ትንሽ፣ ንጹሕ። ሳሪስ ሱቅ ያላት ሴት ናት የምትሸጣት። ባለቤቴ ገና የሞተሯን ድምፅ ሲሰማ ፍቅር ያዘው። "ይህቺ ቤንዚን ታሸታለች እንጂ አትጠጣም" አለኝ በጆሮዬ። የላፍቶን ዳገት ይዘን ወጣን፤ ትንሽ አቃሰተች እንጂ አላሳፈረችንም። ስንመለስ እንደ ልማዳችን ለአጥሩ ቆምን። እኔ ግን የጎረቤታችን የመስኮት መስታወት አጥሩ ላይ ብቅ ብሎ ከኋላችን ያለውን ሁሉ እንደሚያሳይ ያስተዋልኩት ያን ቀን ነው። አባቴ የበሩን ጠርዝ በሁለት እጁ ጨብጦ ሲነሳ፣ ተመልሶ ወንበሩ ላይ ሲወድቅ፣ ከንፈሩን ነክሶ እንደገና ሲሞክር አየሁ። ሲቆም እግሩ ይንቀጠቀጣል። መሐረቡን አውጥቶ ፊቱን ጠረገ፣ ኮቱን አስተካከለ፣ ትንፋሹ እስኪመለስ ጠበቀና "ዙሩ" አለን። ስንዞር ፈገግ ብሏል።

"ልጄ፣ ይህቺስ መኪና አይደለችም፣ አልጋ ናት። ሀብትሽን ያብዛው፣ ደጅሽ ሰው አይጣ" አላት።

ሴትየዋ አሜን ብላ እኔን ሳመችኝ። "እንግዲህ እንኳን ደስ አላችሁ!" አለች። ባለቤቴም ሊስማት ትንሽ ቀረው። እኔ ገና እንማከር ብያት ወደ ቤት ገባሁ። አንጀቴን የበላኝ መውደቁ ብቻ አልነበረም፤ ፈገግታው ነበር። በየመኪናው ልክ እንደዚህ እየፈገገ ሊሠቃይልን ነው፣ ከዚያም አንድ ቀን በቃኝ ብሎ ወንበሩ ላይ ይቀራል ብዬ አሰብኩ።

"አባትሽ ወዷታል እኮ" አለ ባለቤቴ።

"አባቴ የሰው መኪና ሁሉ ይወዳል።" ያየሁትን ነገርኩት። ዓይኑ እንባ አቀረረ። ትንሽ ቆይቶ ግን "ቤንዚኑስ?" አለኝ። ጫማ ልወረውርበት ምንም አልቀረኝም።

ሦስተኛዋን ስናይ ሁለታችንም ተስፋ ቆርጠን ነበር። የሩሲያ ሥሪት፣ ፀሐይ ያደበዘዘው ሰናፍጭ ቀለም፣ ቀጥ ያለች፣ ከፍ ያለች፣ ማዕዘኗ የበዛ ሳጥን ነገር። ባለቤቷ መካኒሳ የሚኖር ረጅምና ዓይን አፋር ሰው ነው፤ ሲያናግሩት እንኳ የመኪናዋን ጣሪያ እያሻሸ ነው የሚመልሰው። ባለቤቴ ኮፈኗን ከፍቶ "እህ" ሳይል ዘጋው። "ይህቺማ ትበላለች" አለ። እኛም እንደ ወጉ ወደ አጥሩ ዞርን።

ገና በቅጡ ሳንቆም በሩ ጓ ብሎ ተዘጋ።

"ምን ትጠብቃላችሁ?" አለ አባቴ ከውስጥ።

ስንዞር ጋቢና ተቀምጧል። ከዘራውን በጉልበቱ መሐል አቁሞ ዙሪያውን ይቃኛል። ሞተር አስነስቼ ከሰፈሩ እንደወጣሁ ጀመረ።

"ይሄ መስኮት ለምንድነው የማይወርደው?"

"እጀታዋ ትንሽ ላላ ብላለች፣ አባቴ" አለ ባለመኪናው ከኋላ።

"ላላ? ሊወልቅ ነው እንጂ! ወንበሩስ? ሽንኩርት ነው የሚጫንበት? አንቺ፣ ይሄ ምንጣፍ ከሥሩ መውጣት አለበት። ፀሐይ ላይ ይሰጣ። ኧረ ይሄ አቧራ!"

ባለቤቴ ከኋላ ጎኔን ይጎስመኛል። በመስታወቱ ሳየው ላብ አጥምቆታል። ያን ያህል ትሁት ሰው፣ የጠላቱን ቤት እንኳ አሞግሶ የሚወጣ አባቴ፣ የማያውቀውን ሰው ንብረት ፊት ለፊት ያጣጥላል። ባለመኪናው የሚያሻሸው ጣሪያ ስላጣ ጉልበቱን ያሻሻል። እኔም መጀመሪያ አፈርኩ። መሪው ከባድ ስለነበር ሐሳቤ ግማሹ ክንዴ ላይ ነው። ወደ ብስራተ ገብርኤል ስንጠጋ አባቴ "ቀለሟም መቀባት አለበት፣ በዚህ ቀለም ሰው ፊት አልቀርብም" ሲል ነው የገባኝ።

አባቴ የራሱን ነገር አመስግኖ አያውቅም። ልጅ ሆኜ ከክፍሌ አንደኛ ወጥቼ እንግዶች ሲያደንቁኝ "ኧረ ሰነፍ ናት፣ እጇም ለሥራ አይታዘዝ" ይል ነበር። እናቴ የሠራችውን ዶሮ ሰው ሲያሞግስ "ጨው በዝቶበታል" የሚል እሱ ነው። ምስጋናና ምርቃት ለሰው ንብረት ነው፤ የሚነቀፈው የራስ ነው። ይህ ሰውዬ ይህቺን ሳጥን የራሱ አድርጓታል፣ ያውም ሊብሬ ሳያይ። መንገዱ ስለደበዘዘብኝ ዛፍ ጥላ ሥር ዳር ይዤ ቆምኩ።

ባለቤቴ ሞተሩን በሙቀቱ ልየው ብሎ ወረደ። ባለመኪናውም ተከትሎት ወረደ። እኔ መሪውን ይዤ እንባዬን ለመዋጥ ስታገል አባቴ አሁንም ያወራል፤ ድምፁ ግን ከአጠገቤ አይደለም።

"ጎማዋስ ቢሆን? ይሄ የኋላው በልቷል!"

ቀና ስል ጋቢናው ባዶ ነው። አባቴ ከመኪናዋ ኋላ ቆሞ ጎማውን በከዘራው ይኮረኩማል። ዙሩ አላለንም። እኛም አልዞርንም። ማንም አልነካውም፣ እሱም መውረዱን ልብ አላለውም። ባለቤቴ ከኮፈኑ ሥር አንገቱን አውጥቶ አየው፣ ከዚያ እኔን አየኝ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ኮፈኑን ዘጋው። አባቴ በኋላ በኩል አንድ ጊዜ ዞራት፣ መብራቷን በእጅጌው ጠረገ፣ መንገዱን ወደ ላይም ወደ ታችም አየ። መንገደኛ ሲያልፍ ባርኔጣውን አንስቶ ሰላም አለ። ከዚያ ወደ ጋቢናው መጥቶ ጀርባውን ሰጥቶ ቁጭ አለ፣ እግሮቹን ተራ በተራ አስገባ፣ በሩን ጎትቶ ዘጋ።

ባለመኪናው ሰው ጠጠር በእግሩ እየገፋ ከውጭ ቆሟል። ይህን ሁሉ ነቀፌታ ከሰማ በኋላ አይገዙኝም ብሎ ቁርጡን ያወቀ ይመስላል። አባቴ በዚያ በማይወርድ መስኮት አንገቱን ማውጣት ስላቃተው በሩን መልሶ ገርበብ አደረገና ጠራው።

"ምን ትቆማለህ ልጄ፣ ፀሐዩ ይመታሃል። ግባ እንጂ፣ ቤትህ ድረስ እናድርስህ።"

ሰውየው አንድ ጊዜ አባቴን፣ አንድ ጊዜ መኪናዋን አየ። ከዚያ ሳቀ፤ ሲስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። "እግዜር ይስጥልኝ፣ አባቴ" ብሎ በገዛ መኪናው እንደ እንግዳ ከኋላ ተቀመጠ። ባለቤቴ አጠገቡ ገባ፣ ስለ ቤንዚንም አንድ ቃል አልተነፈሰም። እኔ ፊቴን በነጠላዬ ጫፍ አበስኩና ወደ መካኒሳ አዞርኩ፤ አባቴ ግን ወደ ጎን እያየ "ቀስ በይ፣ ምን ያስቸኩልሻል፣ ሰፈሩን ልየው" አለኝ።