ስሙን ለኮምፒውተር የነገረ ሰው

በወይራ ገደል ደብዳቤ ይዘገያል እንጂ አይጠፋም ይባላል። ይህን ያስባለው ክንዱ ነው። ወይራ ገደል ከንፋስ መውጫ ወደ ወገዳ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች፣ ሁለት ባጃጅ ጎን ለጎን ከቆመ ገበያው የሚዘጋባት ከተማ ናት። ክንዱ ደግሞ ሰባት ትምህርት ቤቶችን በሚከታተለው የጉድኝት ጽሕፈት ቤት ሃያ ዘጠኝ ዓመት መዝገብ ቤት የሠራ ሰው ነው። በዚህ ሁሉ ዓመት ስድስት ኃላፊ ተቀያይሯል፤ ቢሮው ለሁለት ወር የዘር ገብስ መጋዘን ሆኖ ነበር፤ አንድ ክረምትም ነፋስ ጣሪያውን ነቅሎ ወስዶታል። ቆርቆሮውን ከሰው ማሳ ተሸክመው ሲመልሱት ክንዱ ቁጥር ሰጥቶ «ገቢ» ብሎ መዘገበው ይባላል። ውሸት ሊሆን ይችላል፤ ግን ማንም አልተጠራጠረም።

«ክንዱ ዘንድ ገና ያልተጻፈ ደብዳቤ እንኳ ፋይል አለው» ይላሉ መምህራኑ። ሲያሞግሱት ክንዱ አይስቅም። መነጽሩን አውልቆ ይጠርጋል፤ ጠርጎ ሲጨርስ እንደገና ይጠርጋል። ሰዉ ትሕትና ነው ይላል።

ከአራት ዓመት በፊት ኮምፒውተር መጣ፤ ከኮምፒውተሩ ጋር ኢሜይል መጣ። ክንዱ አልተደናገጠም። የመጣውን ኢሜይል ሁሉ በወረቀት አትሞ፣ ቁጥር ሰጥቶ፣ ማኅተም ረግጦ ፋይል ውስጥ ያስገባል። በወረቀት ያልወጣ ኢሜይል ለእሱ ያልተጠመቀ ሕፃን ነው፤ አለ፣ ግን ገና ስም የለውም። የቸገረው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ኮምፒውተሩን የገጠመው ባለሙያ፣ «አሁን ከእርስዎ በቀር ማንም የማያውቀው የምስጢር ቃል ያስገቡ» አለውና ወጣ።

ወይራ ገደል ውስጥ ማንም የማያውቀው ነገር ከየት ይመጣል? ስንት ማዳበሪያ ገብስ እንደወቃህ አውድማህን ያላየው ሁሉ ያውቃል። ምን እንዳለምህ እንኳ ጎረቤት ካንተ ቀድሞ ፈትቶ ይጨርሰዋል። ክንዱ ግማሽ ቀን አሰበና አንድ ነገር አገኘ፤ ክርስትና ስሙን። ልጅ ሆኖ ለቤተ ክህነት ትምህርት ሲወጣ እናቱ ጆሮው ላይ ተጠግታ፣ «ስምህን ለማንም እንዳትሰጥ፤ ስም የያዘ ሰውየውን ያዘ» ብላው ነበር። ክፉ ደብተራ ስሙን ካገኘ አንደበቱን ሊያስረው፣ የሚጠላውን ሊያስወድደው ይችላል። ስለዚህ ሃምሳ ዓመት ደበቀው። ሊያቆርቡት ከጠየቁት ካህናት በቀር የሚያውቁት እናቱ፣ የነፍስ አባቱና በቁርባን ያገባት ሚስቱ ተሾመች ብቻ ነበሩ። አራተኛው ኮምፒውተሩ ሆነ። ቁጥርም ጨምር ስላለው የቅዱስ ሚካኤልን አሥራ ሁለትን ቀጠለለት። ኮምፒውተሩም እንደ ጥሩ ካህን ስሙን ለዓይን እንኳ አያሳይም፤ ሲጽፈው ነጠብጣብ ብቻ ይደረድራል። ክንዱ በዚህ ወደደው።

በግንቦት መጨረሻ ቅድስት የምትባል የኮምፒውተር ባለሙያ ከዞን መጣች፤ ስለ ዓመት መጨረሻ ማሻሻያና ስለ ኢሜይል ደኅንነት ለግማሽ ቀን ልታሠለጥን። የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አቶ መሐሪ የመክፈቻ ንግግሩን ለአንድ ሰዓት ከሩብ ስላደረገ፣ ለደኅንነቱ የቀረው ሃያ ደቂቃ ነበር። «የዓመቱ መጨረሻ በመጣ ቁጥር ቃላችሁን ቀይሩ» አለች ቅድስት። «ማንም ቢጠይቃችሁ አትስጡ። እኔም ብጠይቃችሁ አትስጡኝ።» መሐሪ እጁን አወጣ። «የበላይ አካል በደብዳቤ ቢጠይቅስ?» አፏን ስትከፍት መብራት ጠፋ፤ ሰዉም ተነሥቶ ወደ ሻይ ሄደ። ቃለ ጉባኤ ያዡ ክንዱ ነበርና እንዲህ ሲል ጻፈ፦ «ጥያቄ ተነሥቷል። መብራት ጠፍቷል።»

ያቺ ጥያቄ መልስ ሳታገኝ ሰኔ ገባ።

ሰኔ ለጽሕፈት ቤቱ የአንድ ነገር ወር ነው፤ የስምንተኛ ክፍል ተፈታኞች ስም ዝርዝር የሚላክበት። አራት መቶ አሥራ ሁለት ልጆች ናቸው። ክንዱ እያንዳንዱን ስም ከነአባቱ፣ ከነአያቱ ሲያጣራ ነው የከረመው። በቅዳሜ ገበያ እህል ተራ ቆሞ አባቶችን ጠይቋል። «ልጅዎ መቼ ተወለደች?» ሲል፣ «በረዶ ገብሱን የመታው ዓመት» ይሉታል፤ በረዶው ገብሱን የመታው ደግሞ አራት ጊዜ ነው። እርማቱ ሁሉ በኢሜይሉ ውስጥ ተቀምጧል፤ ሲያልቅ አንድ ላይ ሊያትመው ስላሰበ ገና በወረቀት አልወጣም። የሁለት ትምህርት ቤት እርማት ብቻ ቀርቷል፤ እሱም ዓርብ ጠዋት ይመጣል፤ ዝርዝሩ ዓርብ ከቀትር በፊት መላክ አለበት። ዝርዝሩ ላይ ስሙ የሌለ ልጅ አይፈተንም።

ሐሙስ ጠዋት ደብዳቤው መጣ። በኢሜይል ነው የመጣው፤ ግን ምን ዓይነት ኢሜይል! የዞኑ አርማ አለው፤ ክብ ማኅተም አለው፤ ፊርማ አለው፤ ቁጥርና ቀን አለው፤ ከግርጌው ለአምስት ቦታ ግልባጭ ተደርጓል። ለአምስት ቦታ ግልባጭ የተደረገ ደብዳቤ ይዋሻል ብሎ የሚጠረጥር የመንግሥት ሠራተኛ ከጋይንት እስከ ስማዳ፣ ከስማዳ እስከ እስቴ ገና አልተወለደም። የሚለውም እንዲህ ነው፤ የዓመት መጨረሻ ማሻሻያ ስለሚደረግ ሁሉም ጽሕፈት ቤት የምስጢር ቃሉን እስከ ቀኑ አሥር ሰዓት እንዲልክ፤ ያልላከ ሣጥኑ ከነሙሉ ይዘቱ ይደመሰሳል። ክንዱ አተመው። ወረቀቱ ሲወጣ የማተሚያው ቀለም አለቀ።

መሐሪ ወደ መዝገብ ቤቱ ገባ።

«ጋሽ ክንዱ፣ አነበቡት?»

«አነበብሁት።»

«ታዲያ ይላኩላቸዋ።»

«ቃሉን?»

«ቃሉን። እኔ የራሴን ጠዋት ልኬ ጨርሻለሁ። ከአንድ እስከ ስድስት ብዬ ጻፍሁ፣ ተገላገልሁ።»

«ከአንድ እስከ ስድስት ነው የእርስዎ ቃል?»

«ምነው፣ ይረሳል?»

«አይረሳም» አለ ክንዱ። «እሱንማ ባይልኩላቸውም ያውቁት ነበር።»

መሐሪ አልሳቀም። ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ማኅተም ሲያይ ሳይጠይቅ የሚታዘዝ ሰው ብቻ ነው። «ጋሽ ክንዱ፣ የአራት መቶ አሥራ ሁለት ልጅ ስም እዚያ ውስጥ ነው። ቢደመሰስ ነገ ወላጅን ምን እንለዋለን? ጡረታዎ ሁለት ዓመት ነው የቀረው። በጽሑፍ እንዳዝዝዎት አያድርጉኝ።»

«በጽሑፍ ይዘዙኝ» አለ ክንዱ። «ገቢ አደርገዋለሁ።»

መሐሪ ወጣ። ክንዱ ከኮምፒውተሩ ጋር ቀረ። ማተሚያው ቀለም ስለሌለው መጀመሪያ ዝርዝሩን በእጁ መገልበጥ ጀመረ፤ ሠላሳ ሰባተኛው ላይ ሲደርስ ኔትወርኩ ሄደ፤ ሲመለስ ስምንት ሰዓት ሆኖ ነበር። በዚህ አካሄድ እስከ አሥር ሰዓት መቶ ስም አይሞላም። እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

ነገሩ በሚዛን ላይ ተቀምጧል፤ በአንድ በኩል የአንድ ሽማግሌ ስም፣ በሌላው በኩል የአራት መቶ አሥራ ሁለት ልጆች። እናቴ ብትኖር ምን ትል ነበር ሲል አሰበ። ልጆቹን ትመርጥ ነበር፤ እንዲህ ዓይነት ሴት ነበረች። «መልስ» የሚለውን ተጫነና ስሙን ጻፈ።

ስሙ ታየ። ነጠብጣብ አልሆነም። አራት ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ ሲጽፈው አይቶት አያውቅም ነበር፤ አሁን ልብሱን እንዳወለቁት ሰው ስክሪኑ ላይ ቆሞ ይመለከተዋል። ክንዱ በሩን ዞር ብሎ አየ። ማንም የለም።

ያኔ ነው ሌላ ነገር የመጣበት። ስሙን በሕይወቱ የጠየቁት ካህናት ብቻ ናቸው፤ ሊያቆርቡት። ሲጠይቁም ፊት ለፊት ቆመው፣ ዓይኑን እያዩ ነው። ክርስትና ስምህን እስከ አሥር ሰዓት ላክ፣ አለዚያ እንደመስስሃለን ያለ ካህን ሰምቶ አያውቅም። ይሄ የሚጠይቀኝ ማን ነው? ፊቱ የት አለ? ስሙን ፊደል በፊደል አጠፋና ወረቀቱን አነሣ።

ፊት ባይኖረው ቁጥር አለው። ሌላው ሰው ደብዳቤ ላይ ቁጥር ሲያይ ጌጥ ይመስለዋል፤ የመዝገብ ቤት ሰው ግን ያውቃል፤ እያንዳንዱ ቁጥር በሆነ ቦታ፣ በሆነ ሰው መዝገብ ላይ አንድ መስመር ይዟል። ስልኩን አነሣና የዞኑ መዝገብ ቤት ወደምትሠራው ወይዘሮ ካሣነሽ ደወለ። ሃያ ዓመት በስልክ ተነጋግረዋል፤ ተያይተው አያውቁም።

«ወይዘሮ ካሣነሽ፣ ክንዱ ነኝ።»

«የትኛው? ያ ደብዳቤ የማይጠፋበት?»

ክንዱ መነጽሩን አወለቀ። «አንድ ቁጥር ልጥራልዎ፤ ከወጪ መዝገብዎ ይዩልኝ።»

ቁጥሩን ጠራ። የመዝገብ ገጽ ሲገለበጥ ተሰማው።

«ይኸው አገኘሁት። ለአንድ ትምህርት ቤት የተጻፈ ነው። አጥር ጥሶ ችግኝ ስለበላ በሬ።»

«ስለ ኢሜይል አይልም?»

«በሬው ኢሜይል የለውም።»

«ተሳስተው እንዳይሆን ወይዘሮ ካሣነሽ።»

«አቶ ክንዱ፣ ይህን ጥያቄ ሌላ ሰው ቢጠይቀኝ ስልኩን ጆሮው ላይ እዘጋው ነበር። በሬ ነው አልሁዎት። ባለቤቱም ስሙ ተጽፏል።»

ክንዱ ወረቀቱን ይዞ መሐሪ ቢሮ ሲገባ መሐሪ ስልኩን እያየ ላብ አጥምቆታል። ጠዋት በላከው ቃል ሌባው የግል ሣጥኑን ከፍቶ፣ ያንኑ ደብዳቤ በመሐሪ ስም ለሰባቱም ርእሳነ መምህራን ልኳል። ለራሱ ለመሐሪም አንድ ቅጂ ደርሶታል። ሁለቱ ርእሳነ መምህራን ታዛዥ ሰዎች ናቸውና ወዲያው ቃላቸውን ልከዋል፤ አንደኛው ምርቃት ጨምሮበታል።

ቅድስት ጋ ተደወለ። በስልክ እየመራች የመሐሪን ሣጥን አስመለሰች፤ የሁለቱንም አስቀየረች። ከዚያ፣ «ዝርዝሩ ያለበት ሣጥንስ?» አለች።

«አልላክሁም» አለ ክንዱ።

«ተመስገን። እንዴት ነቁ?»

«በሬ ነው ያዳነኝ።»

ቅድስት ምን ማለቱ እንደሆነ አልጠየቀችም። «ይሁን። ለማንኛውም የዓመቱ መጨረሻ ነው፤ እርስዎም እስከ ነገ ይቀይሩት። ብቻ አደራ፣ ስም እንዳይሆን።»

«ስም?»

«ሰዉ ስሙን ነው የሚያደርገው ጋሽ ክንዱ። እርስዎ የማይረሱት፣ ሌላው የማያውቀው ነገር ይሁን።»

ሌላ ነገር ከየት ይምጣ? ክንዱ እስከ ማታ አሰበ። ተሾመች እራት ስታቀርብለት፣ «ምን ሆነሃል?» አለችው። «የማላውቅብሽ ነገር አለሽ?» ሲላት፣ «እንዳለኝ ብታውቅ መቼ ይኖረኝ ነበር» አለችው። አልረዳውም።

ዓርብ ጠዋት ዝናቡ ሳያባራ መምህርት ንግስት መጣች። የመጨረሻው ሩቅ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ናት፤ እርማቱን ራሷ ይዛ ሁለት ሰዓት ተጉዛለች። ጃንጥላዋን በር ላይ አራግፋ፣ ወረቀቱን ከላስቲክ ውስጥ አውጥታ ሰጠችው።

«ለሰው እጅ አልሰጠሁትም» አለች። «ደብዳቤ የማይጠፋበት ቤት ሳይደርስ እንዳይጠፋ ብዬ።»

ክንዱ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ።

ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት ንግስት አዲስ መምህርት ነበረች። መካነ ኢየሱስ ከተማ የሚኖሩት እናቷ አልጋ ላይ ስለዋሉ ወደዚያ ዝውውር ጠየቀች፤ ደብዳቤዋ ገቢ ሆነ፣ ቁጥር ተሰጠው፤ ከዚያ በኋላ የት እንደገባ አልታወቀም። ክንዱ፣ «ልኬዋለሁ» አላት፤ የላከው መስሎት ነበር። እሷም ከላይ የከለከሏት መስሏት ቀረች። በቀጣዩ ክረምት ነፋሱ ጣሪያውን ሲወስድ ቁም ሣጥኑን ከዝናብ ለማሸሽ ገፉት፤ ደብዳቤው ከኋላው ተጣብቆ ነበር። እናቷ ከሞቱ ሦስት ወር ሆኗቸው ነበር። ክንዱ ደብዳቤውን አድርቆ፣ ማንም በማይከፍተው ፋይል ውስጥ አስገባው። ለነፍስ አባቱም አልተናገረም፤ ኃጢአት ሲዘረዝር ከሌሎቹ መካከል ዘልሎት ያልፍ ነበር። ቁጥሩን ግን ከነቀኑ አልረሳውም።

የሌላው ትምህርት ቤት እርማት ቀደም ብሎ ደርሶ ነበርና ሁለቱን እርማቶች አስገባ። ዝርዝሩን ላከ። አራት መቶ አሥራ ሁለቱም ሄዱ፤ ከአሥር ደቂቃ በኋላም «ደርሶናል» የሚል መልስ መጣ። ንግስት እንፋሎት በሚወጣው ነጠላዋ ውስጥ ሆና ተነፈሰች። ክንዱ ግን ከኮምፒውተሩ አልተነሣም። አዲሱን የምስጢር ቃል የሚጠይቀውን ቦታ ከፈተና ያንን ቁጥርና ያንን ቀን አስገባ። ነጠብጣቦቹ ተደረደሩ። ኮምፒውተሩ በአረንጓዴ፣ «ጠንካራ» የሚል ጻፈለት።

«ጨረሱ?» አለች ንግስት።

«አንድ ነገር ቀርቷል» አለ ክንዱ።

«ለእኔ ነው?»

አፉን ከፈተ። በሩ ላይ ባጃጅ ጡሩምባውን ነፋ፤ ሾፌሩ ዝናቡ ወንዙን ሳይሞላው እንሂድ አለ። «ይደርሳል» አለ ክንዱ። «ይሂዱ፤ ወንዝ እንዳይይዝዎት።»

ባጃጁ ከታጠፈ በኋላ ቁጭ ብሎ አሰበ። ቅድስት የዓመቱ መጨረሻ በመጣ ቁጥር ቃላችሁን ቀይሩ ብላለች። ሌላ የተደበቀ ነገር የለውም፤ ይኸኛውም የሚያገለግለው እስከሚቀጥለው ሰኔ ብቻ ነው፤ ለንግስት ከነገራት ደግሞ ምስጢርነቱ ያኔውኑ ያበቃል። እስከዚያ በየጠዋቱ ሥራ ሲጀምር በገዛ ጣቱ ይጽፈዋል። የቀጠሮ መዝገቡን ገልብጦ ገና ባዶ ወደሆነው ገጽ ደረሰ፤ በዚያ በሚያምረው የመዝገብ ቤት ጽሕፈቱም «የሚቀጥለው ዓመት ሰኔ አንድ» ብሎ ከሥሩ ጻፈ፦

«ቃል ይቀየራል። መምህርት ንግስት ይጠራሉ።»

አየት አደረገውና «የሚቀጥለው ዓመት ሰኔ አንድ» የሚለውን ሠረዘ። ከበላዩ «የፊታችን ማክሰኞ» ብሎ ጻፈበት፤ ከጎኑም፣ እንደ ደንቡ፣ ስርዙን በፊርማው አረጋገጠ።