ዶሮ የነካው ድስት

ቤታችን ውስጥ ቅቤ የማይነካው አንድ ድስት አለ፤ ሽሮና ምስር ብቻ ነው የሚሠራበት። ለገና እህቴ ድስት ቢያጥራት የዶሮ ወጡን በእሱ ሠራችበት። ከዚያ ቀን ጀምሮ አኮረፍኳት። ካዛንቺስ ባለች ባለሁለት ክፍል ቤት አብሮ እየኖሩ መኮራረፍ ቀላል አይደለም፤ እኔ ግን ችዬበት ነበር።

የሁዳዴ ቅበላ ደረሰ። የሰፈራችን ሥጋ ቤቶች በር ላይ ሰው ተሰልፏል። እኔ ቅቤ የነካውን ዕቃ ሁሉ በፈላ ውሃ አጠብኩ፤ ቢላዋ ሳይቀር ለየሁ። ያንን ድስት ግን ከመደርደሪያው ለማውረድ እጄ እምቢ አለኝ። መኝታ ክፍል ገብቼ ለንስሐ አባቴ ደወልኩ።

«አባ፣ ዶሮ የተሠራበት ድስት ለጾም ይሆናል?»

«ከታጠበ ምን ችግር አለው? አልታጠበም እንዴ?»

«ታጥቧል።»

«መቼ?»

«የገና ማግስት። እህቴ ናት በሎሚ ፈትጋ ያጠበችው።»

 

«ልጄ፣ እህትሽ አጠገብሽ ናት?»

ከመጋረጃው ወዲያ፣ ኩሽና ውስጥ ሽንኩርት ስትከትፍ ይሰማኛል።

«አዎ፣ አለች።»

«እንግዲያው እኔን ምን አስደወለሽ? እሷን አነጋግሪያት።»

መጋረጃውን ገልጬ ገባሁ። ድስቱ ከመደርደሪያው ወርዶ አጠገቧ ተቀምጧል፤ ለነገ ሽሮ የሚሆነውን ሽንኩርት እየከተፈች እዚያ ውስጥ ትጨምራለች።

«ሰምቻለሁ» አለችኝ፣ ቀና ሳትል። «አንድ ጊዜ ብቻ እኮ አይደለም ያጠብኩት። አንቺን ስጠብቅ በየሳምንቱ አጥቤዋለሁ።»