ባዕድ ሰው ተቀምጧል

ባቡሩ በአውቶቡስ ተራ በኩል ማለፍ በጀመረ ሰሞን፣ ከሲኒማ ራስ ወረድ ብሎ ባለ አንድ ሕንፃ ላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ኮምፒውተር እጠግን ነበር። እጠግን ነበር ስል ግማሹን ቀን በቫይረስ የታፈነ ፍላሽ ሳጸዳ፣ ግማሹን ደግሞ ኢንተርኔት የጠፋው በእኔ ተንኮል አለመሆኑን ለገበያተኛው ስምል ነበር የምውለው። ትዕግሥት ሲታደል እኔ ሰልፉ ላይ አልነበርኩም። ሥራዬን ግን እወደው ነበር።

ግራውንድ ላይ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት ሱቆች ነበሩ። አንደኛው የጫማ አስመጪ ሱቅ ነው። ባለቤቱ በልጅነታቸው ከጉራጌ አገር መጥተው መርካቶ ውስጥ የሸበቱ ሰው ናቸው፤ ጋሼ እላቸዋለሁ። ሁለተኛው የአንሶላና የብርድ ልብስ ሱቅ ሲሆን ባለቤቷ የጎጃም ሰው ናቸው፤ እሳቸውን እትዬ እላለሁ። እትዬ በደርግ ጊዜ የመሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበሩ። አለቆቻቸው ተናግረው ሳይጨርሱ ጽፈው ይጨርሱ እንደነበር ላልጠየቃቸውም ሰው ይናገራሉ።

ሁለቱ ጎረቤታሞች አንድ ልማድ ነበራቸው። ዓርብ ጁምዓ ሲደርስ ጋሼ ሱቃቸውን እንደተከፈተ ትተውት ወደ መስጊድ ይሄዳሉ፤ እትዬ ተሻግረው ወንበራቸው ላይ ይቀመጣሉ። በወሩ በሃያ አንድ ደግሞ እትዬ ማርያምን ሊሳለሙ ሲሄዱ ጋሼ አንሶላው መሃል ይሰየማሉ። ጋሼ የአንሶላ ልክ አንድም ቀን ገብቷቸው አያውቅም፤ ለወንደላጤ የባልና ሚስት አንሶላ ሸጠው "ነገ ያገባል፣ ምን ቸኮልሽ" ብለው እትዬን ያናድዷቸዋል። አደራ የሚል የለም፤ የሚያመሰግንም የለም። እኔ ወደ ሕንፃው ስመጣም እንደዚያው ነበር።

አንድ ቀን ጋሼ አስጠሩኝ። ስወርድ ፊታቸው ጠቁሯል። ከቻይና ሊያስመጡ የመረጡት ጫማ፣ ፎቶው በኢሜይል ብቻ የመጣላቸው፣ የእሳቸው ዕቃ ገና ባሕር ላይ እያለ እዚያው መርካቶ ሌላ ሰው ሱቅ ተደርድሮ አይተውታል። አንዴ ቢሆን አጋጣሚ ነው ይባላል፤ ይሄ ግን ተደጋግሟል። "ልጄ፣ ደብዳቤዬን የሚያነብ ሰው አለ" አሉኝ። "እሱን ካላገኘሽልኝ ይሄን ሱቅ መዝጋቴ ነው።"

ያን ሰሞን አንድ የክፍል ጓደኛዬ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለው ነገር ላይ አብዶ ነበር፤ እሱ የሠራውን ፕሮግራም እንድሞክርለት ሰጥቶኛል። ፕሮግራሙ አንድን ኮምፒውተር እየተመለከተ የባለቤቱን ልማድ ይማራል፤ መቼ እንደሚቀመጥ፣ ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚጽፍ፣ የቱን ደብዳቤ ቀድሞ እንደሚከፍት። የኢሜይል ሳጥኑ ከሌላ ቦታ ሲከፈትም ይመዘግባል። ከልማዱ የወጣ ነገር ሲያይ ስክሪኑ ላይ በቀይ ይጽፋል፤ ስልኬም ላይ ይጮሃል። ጓደኛዬ ማስጠንቀቂያውን በእንግሊዝኛ ነበር የጻፈው፤ እኔ ደግሞ ጋሼ እንዲገባቸው ብዬ በአማርኛ ቀየርኩት። "ባዕድ ሰው ተቀምጧል" አልኩት። አቤት ስኮራ! ቋንቋችንን ለማሽን ያስተማርኩ መስሎኝ ነበር።

ቅዳሜ ጫንኩት። ጋሼ ሳምንቱን ሙሉ በአንድ ጣታቸው ፊደል እያደኑ ጻፉ። ሐሙስ ላይ ፕሮግራሙ ተምሬ ጨርሻለሁ አለኝ።

ዓርብ ቀትር ላይ ስልኬ ጮኸ። ባዕድ ሰው ተቀምጧል! ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩት አላውቅም። ስደርስ ወንበሩ ላይ ያሉት እትዬ ናቸው፤ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ላይ ጣል አድርገው ኪቦርዱን ያንበለብሉታል። ሱቁን እንደሚጠብቁ አውቃለሁ፤ ኢሜይል እንደሚጽፉ ግን የነገረኝ አልነበረም። ለካ ጋሼ ሳጥኑን ከፍተውላቸው ነው የሚሄዱት፤ ለቻይናዎቹ የሚሄድ ከበድ ያለ ደብዳቤ ሁሉ ዓርብን ነው የሚጠብቀው።

ምን እንደምል ግራ ገብቶኝ ቆሜ ሳለ ጋሼ ከመስጊድ ተመለሱ። አኳኋኔን አይተው ምን ተገኘ አሉኝ። ቆይቼ ልንገርዎት ብላቸው እምቢ አሉ፤ ከእትዬ የሚደበቅ ነገር የለኝም፣ እዚሁ ተናገሪ ብለው ድርቅ አሉ። መናገርም አላስፈለገኝም፤ ቀዩ ጽሑፍ ስክሪኑን ሞልቶት ነበርና እትዬ ራሳቸው ጮክ ብለው አነበቡት።

ጋሼ ዝም አሉ። ሰውዬው እንደ ጽሕፈታቸው ሁሉ ሐሳባቸውም በአንድ ጣት ነው፤ ነገር እስኪገባቸው ጊዜ ይፈልጋሉ። ይሄን ከእኔ ይልቅ እትዬ ያውቁታል። በዚያች ሰዓት ግን ዝምታው ጥርጣሬ መሰላቸው። መነጽራቸውን አወለቁ፤ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

"ለካ ባዕድ ነኝ" አሉና ተሻግረው ሄዱ።

ጉድ ፈላ ማለት ያኔ ነው። በማግስቱ ሰላምታ የለም። በሚቀጥለው ዓርብ ጋሼ ወደ ጁምዓ ሲሄዱ የሱቃቸው የብረት መዝጊያ እየተንጓጓ ወረደ፤ የሕንፃው ሰው ሁሉ ምን ተፈጠረ ብሎ ወጣ። በሃያ አንድ ደግሞ የእትዬ ሱቅ ተዘጋ። ወሬው በርበሬ በረንዳ ሲደርስ "ማሽን እጅ ከፍንጅ ያዛት" ሆኖ ነበር። ያን ሁሉ ዘመን የኖረ ጉርብትና በአንድ ቀይ መስመር ሊፈርስ ነው፤ መስመሩን የጻፍኩት ደግሞ እኔ!

እልህ ያዘኝ። ለፕሮግራሙ የዓርቧ ሰው የቤት ሰው ናት፣ ዝም በል አልኩት። ዝም ሲል የሌላው ድምፅ ተሰማ። እሑድ፣ ሕንፃው በሙሉ ተቆልፎ እያለ፣ የጋሼ የኢሜይል ሳጥን ከሌላ ቦታ ተከፍቷል። ወደኋላ ሄጄ ባየው ባለፈውም እሑድ ተከፍቶ ነበር። የዓርቡ ጩኸት ጆሮዬን ደፍኖት ማስጠንቀቂያውን መክፈት ትቼ እንጂ ሌባውስ ከመጀመሪያውም እዚያው ነበረ።

እየበረርኩ ወርጄ የይለፍ ቃልዎን ለማን ነገሩ ብዬ ጋሼን ያዝኳቸው። ለማንም! ለሚስቴም አልነገርኩ! ብለው ማሉ። ቃሉ ምንድን ነው ታዲያ ስላቸው በአገጫቸው ወደ ውጭ፣ ወደ ላይ አመለከቱኝ። ወጥቼ ቀና አልኩ። ታፔላው ላይ፣ ከጫማው ሥዕል ሥር፣ መንገዱን ተሻግሮ እንኳ እንዲነበብ ተደርጎ የተጻፈ የሱቁ ስልክ ቁጥር!

"እንዳልረሳው ብዬ ነዋ" አሉኝ ጋሼ።

በረንዳው ላይ ቁጭ ብዬ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅኩ። ቀይሩት ስላቸው ትንሽ አሰቡና፣ እሺ፣ ከሥሩ ያለውን ሁለተኛውን ቁጥር እናድርገው አሉ። ምን ቁርጥ ያድርገኝ! እኔው ሌላ ፈጠርኩላቸው። ከዚያ በኋላ ጫማቸው ቀድሟቸው ሌላ ሱቅ አልተሰቀለም። ማን እንደነበር እስከ ዛሬ አላወቅንም፤ ጋሼ ግን አንድ ባለ ሱቅ ሲያልፍ ጉሮሯቸውን ይጠርጉ ነበር።

እትዬ ጋ ሄጄ ሁሉንም አስረዳኋቸው። ጎሽ አሉኝ። ጋሼም ሄደው የብርድ ልብስ ክምር ላይ ተቀምጠው ይቅርታ ጠየቁ። ምንም አይደል አሉ እትዬ፤ እሳቸው አፍ ላይ ምንም አይደል ማለት ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ሰላምታው ተመለሰ። ዓርብ ግን መዝጊያው መውረዱን አልተወም። ማሽኑ አሁን አውቆዎታል ብዬ እትዬን ብለምናቸው፣ እጄ ወደዚያ አልሄድ ብሎኛል አሉኝ።

በዚህ መሃል ጋሼ ለሐጅ የሚሄዱበት ተራ ደረሰ። ዕቃ የሚታዘዝበት ወቅት ነው፤ እሳቸው ግን ሱቁን ዘግቼ እሄዳለሁ ብለው ወሰኑ። በሚሄዱበት ጠዋት ነጭ ለብሰው፣ ሽቶ ሽቶ እያሉ፣ የሕንፃውን ሰው ሁሉ ሲሰናበቱ ቆይተው መጨረሻ ላይ እትዬ ሱቅ ገቡ። እኔ በሩ ላይ ነበርኩ። የሱቃቸውን ቁልፍ አውጥተው አንሶላው ላይ አኖሩት።

"ያኔ ዝም ያልኩት እንደ ልማዴ ቀስ ብዬ ሳስብ ነው" አሏቸው። "አስቤ ስጨርስ አንቺ ሄደሻል።"

እትዬ ቁልፉን አንስተው በመቀነታቸው ቋጠሩትና በሰላም ያግባዎት አሉ።

ጋሼ በሌሉበት ሁለቱ ሱቆች አንድ ባለቤት ያላቸው ይመስሉ ነበር። እትዬ ወዲያና ወዲህ ይሻገራሉ፤ ጫማ ጠያቂውን አንሶላ ሸጠው ይሸኙታል። ኪቦርዱን በአሥር ጣት ሲያስጨንቁት ድምፁ ሦስተኛ ፎቅ ይሰማኛል ብል ማጋነን ነው፤ ግን የተሰማኝ ይመስለኝ ነበር። ቻይናዎቹ ምን እንደነካቸው እንጃ፣ መልሳቸው ፈጠነ። እኔ ለፕሮግራሙ የሚቀመጠውን ሰው እንደ አዲስ ተማር ብዬው ወደ ሌላ ሥራዬ ሄድኩ፤ አንዴም አልጮኸ።

ጋሼ ሐጂ ሆነው ተመለሱ። እቅፉ፣ ምርቃቱ፣ ቴምሩ ካለቀ በኋላ ሱቃቸው ገብተው ወንበራቸው ላይ ተደላደሉ። እኔና እትዬ እንኳን ደህና መጡ እያልን በሩ ላይ ቆመናል። ኮምፒውተሩን ከፈቱ፤ አንድ ጣታቸውን አነሱ፤ አንድ ፊደል አደኑ፤ ሌላ ፊደል ፈለጉ። ስክሪኑ ቀላ፤ ስልኬም ኪሴ ውስጥ ጮኸ።

ጋሼ ቀስ ብለው አነበቡት። ከዚያ ቀና ብለው፣ ጥፋት እንደሠራ ሰው፣ እኔን ሳይሆን እትዬን አዩ።

እኔ ላስተካክለው ወደ ኪቦርዱ ስሮጥ እትዬ ክንዴን ያዙኝ። የሳቃቸው ነገር! ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ሲረጋጉ ተራምደው ገቡና እጃቸውን የጋሼ ትከሻ ላይ አሳረፉ።

"ይቀመጡ" አሏቸው። "እኔ አውቅዎታለሁ።"

ቀኑ ሐሙስ ነበር። በማግስቱ ጁምዓ ደርሶ ጋሼ ሲወጡ መዝጊያው አልወረደም።