የቆረቆንዳው ከሰል

ጋምቤላ ገና ክልል በሆነ ሰሞን፣ ጣቴ ላይ ጠመኔ እንዳለ የጸጥታ ሰዎች ከማስተምርበት ክፍል ጠሩኝ። «ለአጭር ጥያቄ ነው» ብለው ባሮ ዳር ያለ አሮጌ መጋዘን ውስጥ አስገቡኝ። ጥያቄው ሳይመጣ ሳምንታት አለፉ።

የቆርቆሮ ጣሪያው ከረፋድ ጀምሮ ያነድደናል። ውሃው ከወንዙ ይቀዳል፤ የሚቀመጠው ግን ቀድሞ ናፍጣ በነበረበት በርሜል ነው። እኛ ሌሎቹ እስረኞች አፍንጫችንን ይዘን እንጠጣ ነበር። አጠገቤ የሚተኙት የአገሩ ተወላጅ ሽማግሌ ግን በጠጡ ቁጥር ያስመልሳቸዋል። በኋላ ጭራሽ መጠጣቱን ተዉት። ከንፈራቸው ሲሰነጣጠቅ ሳይ ፈራሁ። በጋምቤላ ሙቀት ሰው ያለ ውሃ ስንት ቀን ይቆያል?

የኬሚስትሪ መምህር ነኝ። ከሰል ሽታን እንደሚይዝ ስንት ዓመት አስተምሬአለሁ፤ በእጄ ግን አንድም ቀን ሠርቼው አላውቅም። ምግባችን ቅቅል በቆሎ ስለነበር ፍሬው ተግጦ የቀረው ቆረቆንዳ በየጥጉ ተከምሯል። ዘበኛውን ለምኜ ግቢ ውስጥ አነደድኩት። አመድ ሆኖ ቀረ።

«መምህር፣ ዲፕሎማህ ተቃጠለ!» አለና ሳቀብኝ ዘበኛው።

ሽማግሌው በሩ ሥር ተኝተው ያዩኝ ነበር። ለካ በወጣትነታቸው ኢታንግ ውስጥ ከሰል ያከስሉ ኖሯል።

«አንተ እሳት አበላህ» አሉኝ። «ከሰል እንደዚህ አይሠራም። የቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ አስገባ፣ አፉን በጭቃ ዝጋ። ትንሽ ቀዳዳ ብቻ ተው፣ እሳት ላይ ጣደው። ጭስ ሲያልቅ፣ በቃ።»

እንዳሉኝ አደረግሁ። ጭሱ ሲያልቅ በቀዳዳው ጥቂት ጥቂት ውሃ ጠብ አደረግሁበት፤ እንፋሎቱ የከሰሉን ውስጥ ይበልጥ ይከፍተዋል። ይህችን እንኳ ከመጽሐፍ አውቃት ነበር። ከሰሉን ሰባብሬ አጠብኩና በሸሚዜ እጅጌ ውስጥ ጠቅጥቄ የበርሜሉን ውሃ አሳለፍኩበት። የመጀመሪያው ኩባያ ጥቁር ወጣ። አራተኛው ጠራ። አሸተትኩት፤ ምንም! እንደ ሕፃን ጮህኩ።

ኩባያውን ይዤ አንገታቸውን ልደግፍ ጎንበስ አልኩ።

«ቆይ» አሉ። ግድግዳውን ተደግፈው ተነሡ። «ሰው ቆሞ ይጠጣል።»

ዘበኛው ሳቁን ተወ። እስከ ጭላጩ ጠጡት። እንዳያስመልሳቸው ትንፋሼን ይዤ ጠበቅሁ።

«ሌላ አለ?» አሉኝ።

ሁለታችንም በምን እንደታሰርን ሳይነገረን ተፈታን። ዛሬም ውሃ ሲሰጠኝ ከወንበሬ ብድግ እላለሁ። ልጆቼ ይስቁብኛል። ይሳቁ፤ ቁጭ ብዬ ልጠጣ ብል ውሃው አይወርድልኝም።