ጥጋብ የራቀው አናጢ

አናጢው ከቀዶ ሕክምና አገግሞ ቤቱ ሲገባ፣ ሚስቱን ከሁሉ ይልቅ ያስደሰታት የምግብ ፍላጎቱ ነበር። ከአንጎሉ ሥር የበቀለው እጢ ዓይኑን አደብዝዞ መጋዝ መያዝ አስትቶት ከርሟል። እጢው ወጣ፤ ዓይኑ በራ። «በልቶ ከዳነልኝ ሌላ ምን እፈልጋለሁ?» እያለች ሰሃኑን ትሞላለት ነበር።

ግን ሰሃኑ ቶሎ ባዶ መሆን ጀመረ። ድስቱም እንዲሁ። ከማዕድ ተነስቶ እጁን ሳይታጠብ እንደገና ይርበዋል። ረሃቡ ሐሳቡን ይበትናል፤ ጣውላ ለክቶ ልኩን ወዲያው ይረሳል። ሱሪው አልዘጋ አለው። ደረጃ ሲወጣ ያለከልካል። የሚስቱ ታላቅ ወንድም በመጣ ቁጥር፣ «እህቴ፣ ያገባሽው ባል ነው ወይስ ጅብ?» ይላል። ቤቱ ይስቃል። አናጢውም አብሮ ይስቅና ጓዳ ገብቶ ቆሞ ይበላል።

አንድ ቀን ሴት ልጃቸው ከትምህርት ቤት ስትመለስ የተቀመጠላት ምሳ የለም። አባቷን አየችው።

በማግስቱ አናጢው ከወፍራም ጣውላ የምግብ ቁም ሳጥን ሠራ። ቁልፍ ገጠመለትና መክፈቻውን ለሚስቱ ሰጣት። «ብለምንሽም ብቆጣሽም እንዳትሰጪኝ» አላት።

እሑድ ረፋድ ላይ ሚስቱ ደጅ ልብስ ስታሰጣ፣ ከውስጥ እንጨት ሲሰነጠቅ ሰማች። ሮጣ ገባች። ባሏ መሮውን በቁም ሳጥኑ በር ስንጥቅ ሰክቶ በመዶሻ ይመታል። ላቡ በአገጩ ይንጠባጠባል።

«አንተ! ምን ሆነሃል?»

«ዞር በይ።»

«አልልም!» በእሱና በበሩ መሃል ገባች። የመሮው ስለት ደረቷ ጋ ደርሷል።

«አባዬ!» አለች ልጅቷ ከቤቱ ደጃፍ ላይ።

ሁሉም ደርቀው ቀሩ። ሚስቱ ቀና ብላ ፊቱን ስታየው፣ የጠበቀችውን ቁጣ አላገኘችም። ውሃ ሊወስደው እንደተቃረበ ሰው ፈርቷል። መሮውን ጥሎ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«ልሞት የደረስኩ ነው የሚመስለኝ» አለ። «ቅድም መብላቴን አውቃለሁ። ሰውነቴ ግን አያምነኝም።»

በነጋታው ሆስፒታል ሄዱ፤ የሚስቱ ወንድምም ተከተላቸው። አንዲት ሐኪም የአንጎሉን ምስል እያሳየች አስረዳቻቸው።

«የሰውነታችን ስብ በደም በኩል ‹ስንቅ አለን፣ ይበቃል› የሚል መልእክተኛ ይልካል። ሆርሞን ነው። የሚቀበለው ይቺ ትንሽ የአንጎል ክፍል ናት። እጢውና እሱን ማውጣቱ የጎዱት እሷን ነው። መልእክቱ ይደርሳል፤ የሚሰማው ግን የለም። ስለዚህ አንጎሉ ሰውነቱ በረሃብ እያለቀ ነው ብሎ ያምናል።»

«ታዲያ ትንሽ ራሱን ቢገታስ?» አለ የሚስቱ ወንድም።

«አንተ ትንፋሽህን እስከ መቼ ትገታለህ?»

ሲወጡ ወንድሟ ኮሪደሩ ላይ የአናጢውን ትከሻ ይዞ፣ «ጅብ ያልኩህን እርሳልኝ፣ ወንድሜ» አለው። አናጢው ራሱን ነቀነቀ።

መድኃኒቱ ረሃቡን አለዘበው እንጂ አላጠፋውም። አሁን ምግብ በሰዓቱ፣ በልክ፣ አብረው ይበላሉ። ሲብስበት «መጣብኝ» ይላታል፤ ሚስቱም የያዘችውን ሥራ ትታ ይዛው በእግር ለመንሸራሸር ትወጣለች። አንዳንዴ ያልፍለታል፤ አንዳንዴ ያሸንፈዋል።

ልጅቷ ግን ዛሬም ዳቦዋን ትራሷ ሥር ትደብቃለች። ዳቦው የት እንዳለ አባቷ ያውቃል። አልጋዋን ያነጥፍላታል፤ ትራሷን ግን አያነሳም።