«ተመለሺ!» የሚል የለም

ጋሼ የእናቴ ታላቅ ወንድም ነበሩ። ከጎሬ ወደ መቱ፣ ቤታቸው በሄድኩ ቁጥር፣ ገና ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ «የትኞቹን ልብ ወለዶች ጨረስሽ?» ይሉኛል። አንብቤዋለሁ ማለቴ ብቻ አይበቃቸውም። «እስቲ ለእትዬ በኦሮምኛ ተርኪላት፤ ካላሳቅሻት ወይ ካላስለቀስሻት አላነበብሽውም» ይላሉ። ባለቤታቸው እትዬ አማርኛ ማንበብ አይችሉም። እኔ ስተርክ ጋሼ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ፤ አንድ ነገር ከዘለልኩ «ተመለሺ!» ይሉኛል። እንዴት ያናድደኝ ነበር!

በመጨረሻ ያዋሱኝን ወፍራም ልብ ወለድ የጨረስኩት ከአርባቸው በኋላ ነው። መቱ ሄጄ ለእትዬ ስተርክ፣ ሆን ብዬ አንድ ቦታ ዘለልኩና ወደ ጋሼ ባዶ ወንበር አየሁ። «ተመለሺ!» የሚል የለም። እትዬም ዓይኔን ተከትለው ወንበሩን አዩና አለቀሱ።

በጋሼ ሕግ መጽሐፉን አንብቤዋለሁ። እንባው ግን የመጽሐፉ አልነበረም።