አልበላም ያለው የከድሩ እንግዳ

በጂቡቲ መንገድ የሚመላለስ ሾፌር ሁሉ ሰመራ ያለውን የከድሩን ምግብ ቤት ያውቀዋል። ቤቱ የታወቀው በወጡ ብቻ ሳይሆን በባለቤቱ የማስገደድ ችሎታ ጭምር ነው። ከድሩ ከወሎ ወርዶ ይህን ቤት ከከፈተ ጀምሮ «በቃኝ» ብሎት የተሳካለት ሰው የለም። ትሪው ሊነሳ ሲል ከጀርባ ደርሶ ይጨምራል፤ እጁን ታጥቦ የተነሣውንም «በሞቴ» ብሎ መልሶ ያስቀምጠዋል። ሰዎች ይህን ደግነት ይሉታል። ከፊሉ በእርግጥ ደግነት ነው። ከፊሉ ግን የሌላውን ሰው ሆድ ከራሱ ከባለቤቱ ይበልጥ አውቃለሁ የሚል ትዕቢት ነው፤ ትዕቢት ደግሞ ጭልፋ ይዞ ስለመጣ ስሙ አይለወጥም።

በምግብ ቤቱ አዳራሽ፣ ከሒሳብ መቀበያው አጠገብ፣ አንድ ትልቅ የመስታወት ገንዳ አለ። ከድሩ የባሕር ዓሣ የሚያኖርበት ነው። ውሃውንም ዓሣውንም ከጂቡቲ የሚያመጡለት ደንበኞቹ ሾፌሮች ናቸው። ቀኑን ሙሉ አቧራና አስፋልት ሲያይ የዋለ ሰው፣ እንጀራው እስኪቀርብለት ድረስ ዓይኑን የሚያሳርፍበት ነገር ይገባዋል ብሎ ያምናል። እምነቱ አይነቀፍም። የሚነቀፈው ችኮላው ነው። አምና አዲስ ዓሣ ሲመጣለት ለብቻው ይቆይ ቢሉት «እንግዳ ጓዳ ይታሠራል እንዴ?» ብሎ በዚያው ዕለት ከነባሮቹ ጋር ቀላቀለው። እንግዳው ቆዳ ላይ ነጭ ነጠብጣብ የሚያወጣ በሽታ ይዞ ነበርና በገንዳው ውስጥ የተረፈ ነፍስ አልነበረም።

ሚስቱ ኑርሀያት ያኔ ውሳኔዋን ነገረችው። «አንድ ጊዜ ብቻ ትሞክራለህ። የሚመጣውም ከሞተ ገንዳው ይወጣል፤ በቦታው የጭማቂ ፍሪጅ ይገባል።»

ከድሩም ተስማማ፤ ሌላ ምርጫ አልነበረውም።

አሁን የመጣው ቢራቢሮ ዓሣ የሚሉት፣ ጠፍጣፋ፣ ቢጫ፣ በዓይኑ ላይ ጥቁር ጥላ ያረፈበት ፍጥረት ነው። በዚህ ጊዜ ከድሩ ሥርዓቱን አከበረ። በዕቃ ቤቱ ውስጥ ትንሽ ገንዳ አዘጋጅቶ፣ ወለሉን ባዶ አድርጎ፣ መደበቂያ የሚሆን የቧንቧ ቁራጭ አስገብቶ፣ አየር የሚነፋ ሞተርና ከላይ የሚያቀዘቅዝ ማራገቢያ ገጠመለት። በኮሮና ዘመን ሁሉም የለመደውን ቃል ተውሶ «ለይቶ ማቆያ» አለው። ሥራው ንጹሕ ነበር።

ዓሣው ግን አልበላም።

ከድሩ ሽሪምፕ የሚባለውን ትንሽ የባሕር ፍጥረት ከትፎ ሰጠው። ዓሣው ወደ ቧንቧው ገባ። ሽታው ይስበዋል ሲሉ ሰምቶ ሽሪምፑን በነጭ ሽንኩርት ጭማቂ ነክሮ አቀረበለት። ዓሣው ከቧንቧው አልወጣም። በመጨረሻ ቁራጩን በክር አስሮ፣ ክሩን በቀጭን እንጨት ጫፍ አንጠልጥሎ፣ እስከ አፉ ድረስ ወሰደለት። ይህን ሁሉ ሲያደርግ አፍንጫው መስታወቱን ነክቶ ነበር። ይህም አልበቃ ብሎት ደንበኞቹን እያስገባ ያማክር ጀመር።

ከክልሉ ቢሮዎች በአንዱ መዝገብ ቤት የሚሠራው ወልደ ኢየሱስ ምሳውን ጨርሶ ገባና ጎንበስ ብሎ ተመለከተ።

«ምን ልታደርገው ነው?»

«ላጎርሰው ነዋ።»

«የኛ ጾም አልገባ፣ የናንተ ሮመዳን አልደረሰ» አለ ወልደ ኢየሱስ። «ይሄ በግሉ ነው የሚጾመው።»

«ወልዴ፣ ቀልዱን ተወኝ። ሊሞትብኝ ነው።»

«እንኳን እሱ እኔም እንደዚህ ብታፈጥብኝ አልበላም።»

«አንተማ ሁለት ሰው የሚበላውን በልተህ ነው የመጣኸው።»

«መች በላሁ? አንተ አስበላኸኝ እንጂ።»

ያልተበላው ምግብ ውሃውን ያደፈርሰዋል፤ የደፈረሰ ውሃ ደግሞ ዓሣን ይገድላል። ከድሩ በየዕለቱ ውሃ መቀየር ያዘ። ዓሣው ሆዱ ገባ፤ ከጭንቅላቱ በላይ ያለው ሥጋ ተሰረጎደ። እንግዳ ሳይበላ ወጥቶበት የማያውቅ ሰው፣ እንግዳው በገዛ ቤቱ በረሃብ ሲያልቅ ቆሞ ማየት ሊኖርበት ሆነ።

ኑርሀያት አንድ ከሰዓት በኋላ በሩ ላይ ቆማ አየችው።

«ሙሽራ ሆኜ እናትህ ቤት ስገባ ትዝ ይልሃል? ፊት ለፊቴ ተቀምጠው ‹ብይ እንጂ ልጄ› ሲሉኝ አንድ ጉርሻ እንኳ አልነካም ነበር። ሰውነቴ እስኪያልቅ ከሳሁ። የበላሁት ገበያ ሲሄዱ ነው።»

«አንቺና ዓሣ አንድ ናችሁ?»

«ዓሣው እኔን ይመስላል። እናትህን ማን እንደሚመስል አንተ ታውቃለህ።»

ከድሩ ሳቀ፤ ክሩንም መልሶ አነሣ።

በማግስቱ ወደ አዋሽ ሰባት ኪሎ መሄድ ነበረበት። ሰመራ ላይ መብራት ሲጠፋ የአየር ሞተሩ ይቆማልና በባትሪ የሚያሠራው ኢንቨርተር ከአዲስ አበባ አስልኮ ነበር፤ ዕቃውም አዋሽ ያለው ጓደኛው አብዱልሰመድ ዘንድ ደርሶለታል። ለሾፌር ተሰጥቶ እንዲመጣ ቢያስብም ኑርሀያት «ውድ ዕቃ ነው፤ ራስህ አምጣው» ብላ ሸኘችው።

አብዱልሰመድ አውቶቡሶች ለምሳ የሚቆሙበት ምግብ ቤት አለው። ሁለቱ በወጣትነታቸው አብረው አስተናጋጅ ነበሩና የማስገደዱንም ጥበብ አብረው ነው የተማሩት። ገና ሳይቀመጥ ሩዝ በፍየል ሥጋ ቀረበለት። ከድሩ ግን ልቡ ዕቃ ቤቱ ውስጥ ነበር፤ ምግቡ አልወርድ አለው።

«ብላ እንጂ።»

«እየበላሁ ነው።»

«ይሄ መብላት ነው? ይችን በሞቴ።»

«ወላሂ አብዱ፣ አሁን አልፈልግም።»

«እኔን ንቀህ ነው? ሰመራ ሄደህ ኮራህ?» አብዱልሰመድ በእጁ የዘገነውን ጉርሻ እስከ አፉ ድረስ ይዞ ቀረበ። ከድሩ ራሱን ወደ ኋላ ሸሸት አደረገ። ወንበሩ ከግድግዳው ጋር ተጋጨ፤ መሸሺያ አልነበረውም።

በዚህ መካከል አንድ አውቶቡስ ገብቶ ቤቱ በተሳፋሪ ተሞላ። አብዱልሰመድ ጉርሻውን ሳህኑ ላይ ጥሎ ሮጠ። ከድሩ ፊቱን ወደ ግድግዳው መልሶ ስለ ዓሣው ማሰቡን ቀጠለ። ቆይቶ ወደ ታች ሲመለከት ሩዙ ተጋምሷል፤ የጓደኛው ጉርሻም ጠፍቷል። ማንም አላየውም፤ ማንም አልለመነውም።

ሰው ከስህተቱ የሚመለሰው በምክር ነው ተብሎ ይታሰባል። ከድሩን ሚስቱ መክራው አልሰማም፤ ወንበሩ ከግድግዳ ሲጋጭ ግን ሰማ። ይህ የሚያስመሰግን አይደለም፤ ከነጭራሹ ካለመስማት ግን ይሻላል።

ስልኩን አወጣ።

«ኑርሀያት፣ ያልሽው ልክ ሳይሆን አይቀርም። ገንዳውን ጨርቅ አልብሺው። ከሽሪምፑ በጣም ትንሽ ጣል አድርጊና ውጪ፤ እንዳታዪው።»

«ገና መኪና ሳትሳፈር አልብሼዋለሁ። ምግቡንም ሰጥቼዋለሁ።»

«ኢንቨርተሩን ሾፌር ሊያመጣው ይችል ነበር ማለት ነው።»

«ይችል ነበር።»

«በላ?»

«እንዴት አውቃለሁ? አላየሁትም።»

የመልሱ መንገድ ረዘመበት። ሚሌ ላይ መኪናው ነዳጅ ሊቀዳ ሲቆም ስልኩን አወጣ፤ ቢደውል ገብታ ማየቷ እንደማይቀር አሰበና መልሶ ኪሱ ከተተው። በዚህ ታሪክ ውስጥ ከድሩ ያለ አንድ «ግን» ሊመሰገንበት የሚችለው ሥራ ይህ ብቻ ነው።

ሰመራ እንደገባ ኢንቨርተሩን እንዳቀፈ ወደ ዕቃ ቤቱ ሄደ። ኑርሀያት የጨርቁን ጫፍ በጣቷ ገለጥ አደረገችለት። ዓሣው ከቧንቧው ወጥቶ መሐል ላይ ቆሟል። ሽሪምፑ የለም። በባዶው የመስታወት ወለል ላይ ግን ቀጫጭን፣ ቡናማ ነገር ተበትኗል።

«ይሄ ምንድን ነው? ገንዳው ቆሽሿል እኮ።»

«የበላ ፍጡር ምን ያደርጋል?» አለች ኑርሀያት።

በአዳራሹ ወለል ላይ የወደቀች ፍርፋሪ የማያልፍ፣ በንጽሕና አስተናጋጆቹን የሚያስመርር ሰው፣ በዚያ ቆሻሻ ፊት ተንበርክኮ ፊቱ በራ። «አልሐምዱሊላህ» አለ ቀስ ብሎ፤ ዓሣው እንዳይደነግጥ። ከዚያም ቀና ብሎ የሽሪምፑን ሳህን በዓይኑ ፈለገ።

«ትንሽ ልጨምርለት? መንገደኛ እኮ ነው።»

ኑርሀያት ጨርቁን መልሳ ሸፈነችው፤ ሳህኑን ብድግ አድርጋ፣ ባሏን በክንዱ ይዛ አወጣችውና በሩን ቆለፈች። ቁልፉን እሷ ያዘችው።